አንድ መግቢያ ለአሥራ ሰባት ነፍስ

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ይህን የተረተው ሰውዬ የይለፍ ቃል ይዞ ቢያውቅ ኖሮ ሎሚውን አይነካውም ነበር። እኔ ሃምሳ አንድ የይለፍ ቃል ተሸክሜ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከነዚህ ውስጥ የራሴ ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ አርባ ስምንቱ የሰው ናቸው።

እንዴት አድርገህ ተሸከምከው አትሉኝም? ባትሉኝም እናገራለሁ። ዘይነባ በምትባል ሴት ላይ የሠራሁት ግፍ አለ፤ እሱን ለመናገር የግድ ከይለፍ ቃሉ መጀመር አለብኝ። መሳቅ የምትፈልጉ እስከ መሐሉ ድረስ ብትስቁ አልቀየምም፤ እኔም እስከዚያ ድረስ ስቄያለሁ።

ሥራዬ ፍሪጅ መጠገን ነው። ካርቱም ውስጥ፣ አል-ሳሃፋ በሚባለው ሠፈር፣ ሃያ ሁለት ዓመት ፍሪጅ ጠግኛለሁ። ጦርነቱ መጣና ከተማው ሲዘረፍ ከየቤቱ ቀድሞ የወጣው ፍሪጅ ነው። ዛሬ በሠፈራችን ሳይነካ የቀረ ፍሪጅ ካያችሁ የማይሠራ ነው፤ የማይሠራውም መብራት ስለሌለ ነው፤ መብራት ደግሞ እኔ አልጠግንም። እናም ሥራ ፈታሁ። ሥራ የፈታ ሰው አረብኛ ማንበብ ከቻለና ስልክ ካለው ደግሞ ያገሩ ሰው በሰላም አያስቀምጠውም። አረብኛውን የለመድኩት ከፍሪጅ ጀርባ ላይ ከሚለጠፈው ወረቀት ነው። ስልኬ የተረፈው በብልጠቴ አይደለም፤ ከሰል ጆንያ ውስጥ ቀብሬው ነበር፣ ሊፈትሹ የመጡት ደግሞ እጃቸው እንዲጠቁር አልፈለጉም። እስከ ዛሬ በካሜራዬ ያነሣሁት ሰው ሁሉ ሐዘን ላይ ያለ ይመስላል። አብዛኛውስ ነው።

የሌላው ያገሬ ሰው ስልክ ኬላ ላይ ቀረ። ስለዚህ የትም ሲመዘገቡ «ስልክ ቁጥር?» ከተባሉ የኔን ይሰጣሉ። ይህ በኛ ዘንድ ነውር አይደለም። አገራችን እያለንም እኮ ለቀበሌ የምንሰጠው ስልክ የጎረቤት ነበር፤ ጎረቤትም «አንቺ ልጅ፣ ስልክ!» ብሎ ከአጥር ላይ ይጣራ ነበር። አንድ ስልክ ለአንድ ሰው የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ አላውቅም።

አሁን ወደ ድረ ገጹ እንምጣ። ሦስት የእርዳታ ድርጅቶች ናቸው። አንዱ ዱቄት ይሰጣል። አንዱ መድኃኒት ይሰጣል፤ መድኃኒቱ ያላዳነው ሰው ሲኖር ደግሞ መገነዣ ጨርቅ ይሰጣል፤ በዚህ በኩል ሥራቸው የተሟላ ነው። ሦስተኛው ወደ አገሬ ልመለስ የሚለውን ሰው እየመዘገበ፣ ተራው ሲደርስ በአውቶቡስ ገዳሪፍ፣ ከዚያም ድንበሩ ድረስ ያደርሳል። ሦስቱም ያሉት አንድ ድረ ገጽ ላይ ነው፤ በሩ ግን ሦስት ነው፤ በየበሩ የተለየ የይለፍ ቃል አለ። እኛ አሥራ ሰባት ነፍስ ነን። አሥራ ሰባት ሲባዛ በሦስት የዚህን ሰውዬ ጭንቅላት ይሰጣችኋል።

የዱቄቱ ድርጅት ቃሉን በየወሩ ቀይሩ ይላል። የመድኃኒቱ ስምንት ፊደል፣ አንድ ቁጥርና አንድ ምልክት ካልገባበት አልቀበልም ይላል። በአውቶቡስ የሚያሳፍረው ድርጅት ቃሉን የረሳን ሰው የግል ጥያቄ ይጠይቃል። አንድ ቀን ማዮ ሠፈር ለሚኖሩት ለጋሽ ተሰማ ልከፍትላቸው ብዬ «የመጀመሪያ መኪናዎ ምን ነበረች?» የሚል ጥያቄ መጣብኝ። ጋሽ ተሰማ ዕድሜያቸውን በሙሉ በር ሲበይዱ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ጠየቅኋቸው።

«የገጨችኝን ነው የሚሉት?» አሉ።

«እሷን ልጻፍ?»

«ጻፋት፤ ቢጫ ናት በል። ሹፌሩም ይቅርታ አልጠየቀ።»

ቢጫ ብዬ ጻፍኩ፤ አልተቀበለም።

ሁሉንም ቃል በአንድ ደብተር ይዤዋለሁ። ከደብተሩ ውስጥ ከሁሉ የሚቀናኝ የዘይነባ ነው፤ የእናቷ ስም ነው። ዘይነባ የወሎ ሰው ናት፣ ከከሚሴ ወጣ ካለች ገጠር። ቡሪ ሠፈር አንድ ቤተሰብ ዘንድ አሥራ አራት ዓመት የቤት ሠራተኛ ሆና ኖራለች። ጦርነቱ ሲጀመር አሠሪዎቿ «ቤቱን ጠብቂልን፣ በወሩ እንመለሳለን» ብለዋት ወደ ግብፅ ሄዱ። እሷም ጠበቀች። ዕቃው ሲወጣ ጠበቀች፣ መስኮቱ ሲነቀል ጠበቀች፣ በመጨረሻ የውጪው በር ራሱ ሲሄድ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። አሁን የምትጠብቀው ግድግዳ ነው።

ዘይነባ የምትፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ያ አውቶቡስ። እናቷ ዓይናቸው እየደከመ ነው። አንድ ጊዜ በኔ ስልክ ደውለውላት፣ «ጭል ጭል የምትል ቀርታለች፤ እሷ ሳትጠፋ ፊትሽን አሳይኝ» ሲሏት ሰምቻለሁ፤ ድምፁን ከፍ ያደረግኩት ጆሮዋ ላይ የሻርፕ መዓት ስለነበረ ነው እንጂ ሰው ልሰልል ብዬ አይደለም። ከተመዘገበች ስምንት ወር ሆኗታል። በየዓርቡ ከቡሪ አል-ሳሃፋ ድረስ ግማሹን ረክሻ በሚሉት ባጃጅ፣ ግማሹን በእግሯ ትመጣና ገና ከደጅ፣

«ጋሼ፣ መልእክት መጣ?» ትለኛለች።

«አልመጣም ዘይነባ።»

«ኢንሻአላህ ይመጣል» ትልና እኔኑ አጽናንታኝ ትመለሳለች።

ከዕለታት አንድ ቀን ድረ ገጹን ስከፍት አንድ አረንጓዴ ጽሑፍ ብቅ አለ። ከዛሬ ጀምሮ ለሁሉም ድርጅት አንድ መግቢያ ብቻ፤ የይለፍ ቃል ማብዛት ቀረ፤ ስልክ ቁጥርዎን ብቻ ያስገቡ ይላል። አነበብኩት፤ ደግሜ አነበብኩት፤ ደብተሬን አንሥቼ ሳምኩት፤ ልሰናበተው ነው። ቁጥሬን አስገባሁ። ድረ ገጹ አሰበ፣ አሰበና፣ «በዚህ ቁጥር ሃምሳ አንድ መዝገቦች ተገኝተዋል። የእርስዎ ናቸው?» አለኝ። ከታች «አዎ» እና «አይደሉም» አለ። «አይደሉም» ከሚለው ሥር ደግሞ በቀይ፣ «የእርስዎ ያልሆኑ መዝገቦች ይሰረዛሉ» የሚል አለ።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትጫናላችሁ? አሥራ ስድስት ሰው ልሰርዝ? የዘይነባን የስምንት ወር ተራ ልሰርዝ? ጦርነቱ ያልሰረዘውን እኔ በአንድ ጣት ልሰርዝ? «አዎ»ን ተጫንኩ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ እኔ ያወጣሁት ግን ከዘንዶም የባሰ ነው፤ አንድ ሰው አወጣሁ።

አሥራ ሰባታችንም አንድ ሰው ሆንን። ስሙን ከጋሽ ተሰማ ወሰደ። ፆታውን ከዘይነባ ወሰደ። ሃይማኖቱን ከማን እንደወሰደ አላውቅም፣ ሁለቱንም ጽፏል። አንዷ ያገራችን ልጅ፣ ሕይወት፣ ስትመዘገብ እርጉዝ ነበረችና እርግዝናውንም አልተወም። በማግስቱ ስልኬ ጮኸ፤ «ክብርት ተሰማ፣ በሰባ አንድ ዓመትዎ እርግዝናዎን ክትትል እንዲያደርጉ እናሳስባለን» ይላል። ለሕይወት ሳነብላት የአራት ወር ልጇ የያዘውን ጡት እስኪተፋ ድረስ ሳቀች። ያን ቀን እኔም ስቄያለሁ። ዘይነባ ግን አልሳቀችም።

«የኔ ተራስ ጋሼ?» አለች።

«እዚሁ ውስጥ አለ።»

«የት ውስጥ?»

«ተሰማ ውስጥ።»

እንዲህ ያለ መልስ ለሰው ሲሰጥ ጥሩ አይደለም፤ በተለይ ጋሽ ተሰማ ከሞቱ ሁለት ወር ሲሆናቸው።

አዎ፣ ሞተዋል። ኩላሊታቸው ነበር። ማዮ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስ መንገድ አልነበረም፤ የቀበርናቸው ባዶ የትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው፤ የመቃብራቸው ምልክት ራሳቸው የበየዱት የበር ቁራጭ ነው። የመድኃኒቱ ድርጅት መገነዣ ጨርቅ የሚሰጠው ሞቱ ከተመዘገበ በኋላ ስለሆነ እኔው ነኝ ያስመዘገብኩት። በእውነተኛነቴ እኮራ ነበር፤ የሞተ ሰው ስም እየጠሩ ዱቄት የሚወስዱ ሞልተዋላ! እኛ ግን አሥራ ስድስት ቀርተን አሥራ ስድስት ነን አልን።

የዱቄቱ ቀን ሲደርስ ሁላችንም ወደ ማከፋፈያው ሄድን። ቁጥሬን ሰጠሁ። አከፋፋዩ ልጅ ስልኩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ስልኩን አየና ወደ ኋላው አንድ እርምጃ ሄደ። «ማፊ» አለ፤ የለም ማለቱ ነው። «ባለመዝገቡ በሕይወት የለም።» ከኋላዬ አሥራ አምስት ሰው ባዶ ጆንያ ይዞ ቆሟል። ለሁሉም የምሥራቹን ነገርኳቸው፤ ሞተናል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ በበኩሌ አንድ ቀን ልለቅ እችላለሁ፤ ወረቀት ግን አይለቅም። ወደ ድርጅቶቹ ቢሮ ሄድኩ። ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠችው ሴት ኡስታዛ ኢኽላስ ትባላለች፤ የአል-ሳሃፋ ልጅ ናት፤ ድሮ የእናቷን ፍሪጅ ሁለቴ ጠግኛለሁ። ደግ ሴት ናት። ደግነቷ ግን ኮምፒዩተሩ ውስጥ አይገባም።

«ያ ዐም፣ እዚህ ላይ እርስዎ መይት ነዎት» አለችኝ፤ አጎቴ፣ ሟች ነዎት ማለቷ ነው።

«ወላሂ አልሞትኩም።»

«እኔማ እያየሁዎት ነው። ሲስተሙ ነው የማያይዎ። አለመሞትዎን የሚገልጽ ወረቀት ከሠፈር ለጅና ያምጡ።»

ለጅና ማለት የሠፈሩ ኮሚቴ ነው። ሄድኩ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ሃያ ዓመት የሚያውቁኝ ሰው ናቸው፤ ሻይም ጠጥተን እናውቃለን። «በደስታ እጽፋለሁ፤ በማን ስም ልጻፍ?» አሉኝ። መዝገቡ በተሰማ ስም ነው አልኳቸው። «ተሰማ ማን ነው?» አሉ። ሞቷል አልኳቸው። ብዕራቸውን አስቀመጡ። «የሞተን ሰው በሕይወት አለ ብዬ በማኅተም?» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። በራሴ ስም እንዳይጽፉ ደግሞ እኔ መዝገብ የለኝም። ሦስት ቀን በለጅናውና በቢሮው መካከል ተመላለስኩ። ሁለቱም ወገን ትክክል ነበሩ። በሕይወቴ እንደዚያ ትክክለኛ በሆኑ ሰዎች መካከል ተሰቃይቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ኡስታዛ ኢኽላስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ።

«አንድ መንገድ አለ። መዝገቡን መልሼ አሥራ ሰባት ላደርገው አልችልም። አንድ ሕያው ሰው ግን ልሰጠው እችላለሁ። አንድ ሰው ይምረጡ። በዚያ ሰው ስም ይሆናል፤ መግቢያውም የስልክ ቁጥር ሳይሆን የዚያ ሰው ፊት ይሆናል። የቀራችሁትን የቤተሰቡ አባላት አድርጌ እጽፋለሁ።»

«የሌሎቹ የአውቶቡስ ተራስ?»

«የሚተርፈው የተመረጠው ሰው ተራ ብቻ ነው።»

ይህኛው ምርጫ አላስቸገረኝም፤ በዚህ ነገር ውስጥ በንጹሕ ልብ የሠራሁት ሥራ ይህ አንድ ብቻ ነው። ዱቄት በማንም ስም ይወጣል። የአውቶቡስ ተራውን ከልቧ የምትጠብቅ ግን ከመካከላችን እሷ ብቻ ናት፤ እኛማ ለማንኛውም ብለን ተመዘገብን እንጂ ወዴት እንደምንመለስ ገና አልወሰንንም። «ዘይነባ ትሁን» አልኩ።

በማግስቱ ዘይነባን ይዤ ሄድኩ። ፊቷን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ፊት አነሡት። «ፈገግ እንዳትይ» ሲሏት ፈገግ ለማለት ምን ምክንያት እንዳላት ግራ ገብቷት ዘወር ብላ አየችኝ። ከዚያ ኢኽላስ እያንዳንዳችን ለዘይነባ ምኗ እንደሆንን መሙላት ጀመረች። በቅጹ ሳጥን ውስጥ ያለው ምርጫ ባል፣ ልጅ፣ ወላጅ ነው።

«ያገር ልጅ የሚል የለም?» አልኳት።

«የለም።»

«ባልስ ስንት ይፈቅዳል?»

«አንድ፤ እሱም ወረቀት ይጠይቃል።»

ስለዚህ ሁላችንም ልጆች ሆንን። እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ዘይነባ ወለደችኝ። ስልሳ የሞላቸውን ዲያቆን ጎረቤታችንንም በዚያው ሆድ ወለደቻቸው። ካርቱም በዚያ ዘመን ብዙ ነገር ወስዳብናለች፤ እናት ግን ሰጠችን።

ሁለት ወር እንዲህ ኖርን። ሠፈራችን ውስጥ አንድ የኒም ዛፍ አለ፤ እዚያ ሥር የሳተላይት ኔት የሚያከራይ ሰውዬ ሰሃኑን ተክሎ ይቀመጣል። የዱቄት ቀን ዘይነባ ከቡሪ ትመጣለች፤ ከዛፉ ሥር ትቀመጣለች፤ እንደ ሱዳን ሴቶች የምትከናነበውን ጦቧን ከግንባሯ ወደ ኋላ ሸሸት ታደርጋለች፤ እኔ ስልኩን ፊቷ ላይ እይዛለሁ፤ ይከፈታል፤ ከዚያ መኪናው ሲመጣ የአሥራ ስድስት ሰው ዱቄት በእሷ ፊት ይወጣል። ልጆቿ ነንና እንቀልድባት ነበር። «እማዬ፣ ዘንድሮ ፊትሽን እንዳታቃጥይው፣ ዱቄታችን እሱ ነው» እንላታለን። እሷም «ልጄ፣ አንተ ደግሞ ጢምህን ተላጭ» ትለኛለች። ከጨዋታው መልስ ያው ጥያቄ ትጠይቃለች፤ መልእክት መጣ? አልመጣም።

አንድ ሰኞ መጣ።

ቤቴ ብቻዬን ተቀምጬ ነበር። ለዘይነባ ተራ ደርሷል፤ አውቶቡሱ በሚቀጥለው እሑድ ይነሣል፤ እስከ ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ ገብተው «እሄዳለሁ» የሚለውን ካልተጫኑ ቦታው ለቀጣዩ ሰው ይሰጣል ይላል። እልል ልል አፌን ስከፍት ከታች ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አየኋት። «እሄዳለሁ» ካሉበት ሰዓት ጀምሮ የተጓዡ መዝገብ ከነቤተሰቡ ካርቱም ላይ ይዘጋል።

የዱቄቱ መኪና የሚመጣው ረቡዕ ጠዋት ነው። ዘይነባ ሰኞ ከተጫነች ረቡዕ ዱቄት የለም። አዲስ ምዝገባ ደግሞ ተዘግቷል፤ መቼ እንደሚከፈት ኢኽላስም አታውቅም። የሕይወት ልጅ በዓይኔ መጣብኝ፤ ሕይወት ካልበላች ጡቷ ምን አለው? ዲያቆኑ መጡብኝ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ደግሞ የራሴም ጆንያ መጣብኝ።

አሰብኩ። ረቡዕ ዘይነባ ለዱቄቱ መምጣቷ አይቀርም። ዱቄቱ በሦስት ሰዓት ይወጣል፤ በአራት ሰዓት እነግራታለሁ፤ በአራት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ትጫናለች፤ ሁሉም ይተርፋል። በጣም ቀላል ነው። እስከዚያ ለምን አስጨንቃታለሁ? ብነግራት ወይ በኛ ስትጨነቅ ታድራለች፣ ወይ አሁኑኑ ክፈትልኝ ትለኛለች። ክፈትልኝ ብትለኝስ ምን ልመልስላት ነው? እንግዲህ የፈራሁት ይህንን ነው፤ የቀረው ሁሉ ያማረ ሰበብ ነው።

ረቡዕ በማለዳ መጣች። ከዛፉ ሥር ከጎኔ ተቀመጠች። መልእክቱ ኪሴ ውስጥ ነው።

«ጋሼ፣ መጣ?»

«እስቲ መጀመሪያ ዱቄቱን እናውጣ» አልኳት። አልመጣም አላልኩም፤ ይህችን ያህል እንኳ ለራሴ አስቀርቼ ነበር፤ ውሸት አልተናገርኩም ለማለት።

ሦስት ሰዓት ሆነ፤ መኪናው አልመጣም። አምስት ሰዓት ሆነ፤ ድልድዩ ላይ ቆሟል አሉ። ስድስት ሰዓት ላይ ዘይነባ ከያዘችው ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። በላሁ። ሰባት ሰዓት ላይ አሁን ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ልክ ያኔ ሕይወት ልጇን አዝላ መጣችና ፊት ለፊታችን ተቀመጠች። አፌን ዘጋሁ። ዘይነባ ልጁን ተቀብላ ታቅፈው ጀመር፤ ስለ እናቷ ታወራለት ነበር።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው መጣ። የዘይነባን ፊት አሳየሁ፤ ተከፈተ፤ ዱቄቱ ከመኪናው መውረድ ጀመረ። የመጨረሻው ጆንያ መሬት ሲነካ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። «ዘይነባ፣ ነይማ» አልኩና ስልኩን አነሣሁ። በደቡብ በኩል ሰማዩ ቡናማ ሆኖ ቆሟል። ሀቡብ ነው፤ ካርቱም የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ እንደ ግድግዳ ቆሞ የሚሄድ አቧራ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ሰውዬው ሰሃኑ ላይ በሆዱ ተኛበት፤ እኛ ጆንያዎቹ ላይ ተኛን። በአቧራው ውስጥ ሆኜ «ሸበካ አለ ወይ?» እያልኩ እጮኻለሁ፤ ሰውዬው «ማፊ ሸበካ! ማፊ!» ይላል፤ ኔት የለም። ዘይነባ እጄን ይዛ፣

«ምን ሆኑ ጋሼ? ዱቄቱ እኮ ወጥቷል!» ትለኛለች።

አቧራው ሲያልፍ፣ ሰሃኑ ሲጠረግ፣ ኔቱ ሲመለስ አሥር ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ስልኩን ፊቷ ላይ ያዝኩት። ቅንድቧ ሳይቀር አፈር ለብሶ ስለነበር መጀመሪያ አላወቃትም። በጦቧ ጫፍ ጠረገችና ተከፈተ። ጊዜው አልፏል፤ ቦታው ለቀጣዩ ሰው ተሰጥቷል፤ ከፈለጉ እንደ አዲስ ተራ መያዝ ይችላሉ ይላል።

ነገርኳት። ሌሎቹ ጆንያቸውን እያራገፉ ወደየቤታቸው እየሄዱ ነበር፤ ማንም አልሰማንም።

«የመጣው መቼ ነው?» አለችኝ።

«ሰኞ።»

ጣቶቿን አየች። የምትቆጥር መስሎኝ ነበር፤ አፈሩን ነው የምታራግፈው። እንድትጮህብኝ ጠበቅኩ። ብትጮህብኝ ይቀለኝ ነበር፤ ምክንያቴን ከሰኞ ጀምሮ አዘጋጅቼ ነበርና ደረደርኩላት፤ የሕይወትን ልጅ፣ ዲያቆኑን፣ ምዝገባው መዘጋቱን። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ዱቄቱ ይቅደም እል ነበር፣ ወላሂ» አለች። «ሕፃን ጾሙን ጥዬ አውቶቡስ አልወጣም። ግን ቢጠይቁኝ፣ ጋሼ። ቢጠይቁኝ።»

አሥራ ሰባት ሰው አንድ ሰው ሆነ ብዬ ስንት ጊዜ በድረ ገጹ እንደሳቅኩ ታውቃላችሁ። ድረ ገጹ እንኳ የእርስዎ ናቸው ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። እኔ ግን ሳልጠይቃት በእሷ ቦታ ገባሁ፣ በእሷ ቦታ ወሰንኩ፣ ዳቦዋንም በላሁ። አፈርኩ። አሁንም ይህን ስጽፍ አፍሬ ነው።

እንደ አዲስ ተራ ያዝኩላት፤ ከመጨረሻው። ጆንያዋን ጭንቅላቷ ላይ አደረገችና ለመሄድ ተነሣች። ያን ጊዜ ዝም ማለት ነበረብኝ። የኔ አፍ ግን ዝም ማለት በሚገባው ቀን ይናገራል፣ መናገር በሚገባው ቀን ዝም ይላል።

«ዘይነባ» አልኳት፤ «ለሚቀጥለው ወር ዱቄት ትመጫለሽ አይደል?»

ዞር ብላ አየችኝ። ቁጣ የለባትም።

«ወዴት እሄዳለሁ ብለው ነው?» አለችኝ።